ሁለቱን የማይችለው ባትሪ

መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። አዲሷ ተከራይ ከሥራ ዝላ ስትመለስ፣ ባልዲዋን ይዛ ጓሮው ጉድጓድ አጠገብ ትቆማለች። ሽማግሌው አከራይ ወገባቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ካለው ትልቅ ባትሪ ፊት ቁጢጥ ይላሉ። ዛሬም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰውታል። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ሆኖ ይወጣል? ትላለች በሆዷ።

ሲያከራዩዋት እንደነገሯት፣ ባትሪው የውሃውን ፓምፕና የሚስታቸውን የመተንፈሻ መሣሪያ አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ በመስኮት የሚወጣውን ገመድ ነቅለው የፓምፑን ይሰኩና ወደ ውስጥ ይጣራሉ፦

"አንዴ ታገሺኝ፣ አሁን እመልስልሻለሁ!"

ፓምፑ እያቃሰተ ይነሳል። ዓይናቸው ግን ከመስኮቱ አይነቀልም፤ ባልዲው ገና ሲጋመስ ያጠፉታል።

"አባባ፣ አልሞላም እኮ!" አለች ዛሬ፣ ድካሙ አስመርሯት።

"ልጄ፣ ትንፋሽ ያጥራታል" አሉ፣ የመስኮቱን ገመድ እየፈለጉ።

ያን ጊዜ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠው። አልጋው ላይ ያለው የተጠቀለለ ፍራሽ ብቻ ነው። የገመዱ ሌላ ጫፍ ወለሉ ላይ ባዶውን ተጋድሟል።

ተከራይዋ ግማሽ ባልዲዋን አነሳች።

"ይበቃኛል አባባ" አለች፤ "ቶሎ ይመልሱላቸው፣ እንዳይቸገሩ።"