አሸዋ ላይ የተገኘው ክር

ከአየር ማረፊያ በታክሲው የጫናት ሴትዮ ገና ሰፈሯ ደንዉዲ ሳይደርሱ እንድርያስን አንገሸገሸችው። ጫማዋን አውልቃ እግሯን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ሰቅላለች። ፀሐይ የላጠውን የትከሻዋን ቆዳ እየቀረፈች ወንበሩ ላይ ታራግፋለች። ከቀላው እጇ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው የጋብቻ ቀለበት የነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

“ለሥራ ሮም ሄጄ፣ ቅዳሜና እሁድን ብቻዬን አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አሳለፍኩ” አለችው። “ባሕሩ እንዴት ያምራል መሰለህ! ይሄን ደግሞ አሸዋው ላይ አገኘሁት።” እግሯን ወዘወዘችለት።

ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለው ጥቁር ክር ታስሯል። ማተብ ነው። የእንድርያስ አገር ሰው ክርስትና ሲነሳ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል፤ እስኪሞት አይበጥሰውም። ታናሽ ወንድሙም ያንን ባሕር ሊያቋርጥ ከሊቢያ በጀልባ ሲሳፈር እንዲህ ያለ ክር ነበር ያሰረው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

እንድርያስ አንገቱ ላይ ያለውን የራሱን ማተብ ነካ አደረገ።

ሴትዮዋ ከኋላ ሆና የእሱን አንገት አየችና ፊቷ በራ።

“ውይ፣ አንተም አለህ! እዚያ ደሴት ሄደሃል እንዴ?”

“እግርሽን አውርጂ” አላት። “እኔ አልሄድኩም። የሄደው ወንድሜ ነው።”