የአያትየዋ ስም

ስሙን በማልጠራው፣ በሪዮአቻ ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ስሙን የማልጠራው ከማንም ጋር መካሰስ ስለማልፈልግ ነው። በክፍሏ በር ላይ «የነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ድጋፍ» ተብሎ ተጽፏል። ድጋፍ ማለት ኦዲልያ ኡሪያና ናት፤ ሌላ ምንም የለም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሲያሻው የሚዞር ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተመቱ የብረት መንጠቆዎች፣ አለቀ።

በመንጠቆዎቹ አትሳቁ። የእኛ የዋዩ ሕዝብ ልጅ ከእናቱ እቅፍ ወርዶ የሚተኛው በተንጠልጣይ አልጋ ላይ ነው፤ ፍራሽ ላይ ብታስተኙት ሲገላበጥ ያነጋል። ኦዲልያ በተማሪዎቹ ማደሪያ ክፍሎች መንጠቆ ይመታልን ብላ ስትለምን፣ ደጅ ስትጠና፣ አንዱ ሹም ሄዶ ሌላው መጣ። በመጨረሻ «ግድግዳው ይሰነጠቃል» ተብሎ ማደሪያው ተከለከለ፤ የእሷ ቢሮ ግን ተፈቀደላት። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ልጆቹ አልጋቸውን ጠቅልለው እየመጡ እሷ ዘንድ ሰቅለው ይተኛሉ፤ እሷም በተኙት መካከል ጎንበስ ቀና እያለች ትሠራለች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የረታችው ሙግት ይኸው ብቻ ነው።

ፊት ለፊት «አክስት» ይሏታል። ከጀርባዋ ግን «እኔ አለሁ» ነው ስሟ። ድጎማ ቢዘገይ «እኔ አለሁ»፤ አስተማሪ ቢያመናጭቅ «እኔ አለሁ»፤ ክፍል አከራዩ ሻንጣ ወደ ደጅ ቢወረውር «አይዞህ፣ እኔ አለሁ»። ኖራ ምን ታመጣለች? ማኅተም የላት፣ ድምፅ የላት፣ ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነው። ያም ሆኖ ልጆቹ ይስቁባታል እንጂ ከእሷ አይርቁም፤ እናታቸው ሩቅ ናትና።

ያርሌኒስ ኢፑዋና ከእነዚህ አንዷ ነበረች። የነርስ ተማሪ፣ ሦስተኛ ዓመት፤ ከኡሪቢያ ከተማ ወዲያ መኪና አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ከሚሄድበት አገር የመጣች ዝምተኛ ልጅ። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት የእናቷ እናት ናት። የሴትየዋን ስም አልነግራችሁም። ሞታለች፤ የሞተ ሰው ስም ደግሞ እኛ ዘንድ አይጠራም። ዘመዱ በሚሰማበት ከጠራችሁት ያረፈውን ቀስቅሳችሁ፣ የዘመዱን ቁስል በጥፍራችሁ ከፈታችሁት ማለት ነው፤ በዚህ ሰው ተጣልቷል፣ ደም ፈሷል።

አንድ ቀን ያርሌኒስ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ኦዲልያ ቢሮ ገባች።

«አክስት፣ አጎቴ ደወለ። የአያቴ አጥንት የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል አለ። የማነሳው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«በፈተናው ሳምንት።»

ኦዲልያ እጇን በግንባሯ ላይ ጫነች። እኛ ሰውን ሁለት ጊዜ ነው የምንቀብረው። መጀመሪያ ሥጋውን፣ ዓመታት ቆይቶ ደግሞ አጥንቱን። ዋናው ቀብር ሁለተኛው ነው፤ ነፍስ መንገዷን የምትጨርሰው ያን ጊዜ ነው። አጥንቱን ከመቃብር የምታወጣው፣ የምታጸዳው፣ በማሰሮ የምታኖረው ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም። ሟች የፈተና ፕሮግራም አይጠይቅም።

«ድጎማዬን ቢነጥቁኝስ?» አለች ያርሌኒስ። «ያለሱ አንድ ወር አልውል አላድር። የቤት ኪራዩ እሱ፣ አውቶቡሱ እሱ፣ ምሳዬ እሱ።»

«ለሐዘን የቀረ ተማሪ አይነጠቅም፤ ደንቡ ራሱ ይላል። ወላጅ፣ እህት ወንድም፣ አያት ይላል፤ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ሂጂ የኔ ልጅ፤ ያሳደገችሽን አሳርፊያት። እኔ አለሁ።»

ልጅቷ ሄደች። አጥንቱን በእጇ አወጣች፣ አጸዳች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት፣ እንደ ወጉ፣ በዚያ እጇ ምግብ አልነካችም፤ አክስቶቿ እያጎረሷት፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት እያጫወቷት ሰነበተች። ተመልሳ ስትመጣ ፈተናው አልፏል፤ ድጎማውም «ያለ በቂ ምክንያት በመቅረት» ተብሎ ተቋርጧል።

«ምንም የለም፣ ይግባኝ እንላለን» አለች ኦዲልያ። እውነትም ምንም ያለ አልመሰላትም ነበር። ደንቡ አያት ይላል፤ አያት ተቀብራለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የይግባኝ ኮሚቴውን የሚመራው ዶክተር ቤርናል ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ደግ ሰው ነው። ለያርሌኒስ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ቀዳላት።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«አያቴ። የእናቴ እናት።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስሟን ትነግሪኛለሽ?»

ያርሌኒስ ውኃውን አየች።

«ዶክተር፣» አለች ኦዲልያ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ፣ «እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም አይጠራም።»

«አውቃለሁ ወይዘሮ ኦዲልያ፤ በጣም አከብራለሁ። ግን ይሄ ኮምፒውተር ስሟን ከሞት መዝገቡ ካላገኘ አያሳልፈኝም።»

«እንግዲያው ልጅቷ ትውጣና እኔ ልንገርዎ።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ቀና ብላ፣ «አመልካቿ ከወጣች ስብሰባው ፈረሰ ማለት ነው። ይግባኝ ደግሞ ዛሬ ይዘጋል» አለች።

ምን ይዋጣት? ብትናገር ጉድ ነው፤ ዝም ብትል ልጅቷ ነገ ሻንጣዋን ልትሸክፍ ነው። ሂጂ ያለቻት ደግሞ እሷው ናት። ኦዲልያ ከቦርሳዋ ብጣሽ ወረቀት አወጣች። ያርሌኒስ አየቻትና በቋንቋችን ቀስ ብላ፣ «አክስት፣ ተይው» አለች።

«አይጠራም፤ ይጻፋል እንጂ። እኔ አለሁ» አለች ኦዲልያ።

ጻፈችው። ወረቀቱን አጣጥፋ በጠረጴዛው ላይ ገፋችለትና ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ በእናትዎ፣ በዓይንዎ ብቻ» አለችው። እሱም እንደገባው ሰው አንገቱን ነቀነቀ። በርግጥ ገብቶት ነበር፤ ለዚያች ደቂቃ። እያየ ፊደል በፊደል ኮምፒውተሩ ላይ መታው። ከዚያ ዶክተር ቤርናል መነጽሩን ከፍ አደረገ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ፣ ግራ ገባው፤ ግራ ሲገባው የገባላትን ቃል ረሳው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለና ስሟን ከነአባቷ፣ ተማሪ እንደሚጠራ አስተማሪ፣ ጮክ ብሎ ጠራው። «ይቺ ሴት የሞተችው እኮ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው!»

ያርሌኒስ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ዘግይታለች። ፊቷን ያየ ሰው አያቷ አሁን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደገና የሞተች ይመስለዋል።

«ሁለተኛው ቀብር ነው ዶክተር!» አለች ኦዲልያ። «ዋናው እሱ ነው፤ ያኛው እኮ መጀመሪያው ነው!»

«ወይዘሮ ኦዲልያ፣ ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል?» አለ ዶክተሩ። ለፌዝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው። «የሐዘን ፈቃድ የሚቆጠረው ከሞት ቀን ነው። እኔ ብሆን ዛሬውኑ በፈቀድኩ፤ ግን እጄ አጠረ።»

የሁሉም እጅ አጭር ነው እዚያ ቤት። ከላይ ያለውም አጥሮታል፣ ከታች ያለውም አጥሮታል፤ ረጅም እጅ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኮሚቴው እያዘነ ይግባኙን ጣለው። ያርሌኒስ ተነሥታ ወጣች፤ ውኃውን አልጠጣችውም። ኦዲልያ ሮጣ ስትደርስባት፣ ልጅቷ ሳትዞር፣ «አክስት፣ አሁን አትከተይኝ» ብቻ አለቻት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኦዲልያስ የእጅ ወለምታ በምን ይታሽ? ወሬው ከያርሌኒስ አውቶቡስ ቀድሞ በረሃው ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ የያርሌኒስ ወገን የኢፑዋኖች ሽማግሌ፣ ባለ ባርኔጣውና ባለ በትሩ፣ ካሳ ሊጠይቁ ኦዲልያ ደጅ መጥተው ተቀመጡ።

«ስሙን የጠራው እኮ ዶክተሩ ነው!» አለ ወንድሟ ጉስታቮ እየተንጨረጨረ። «እሱን ሂዱና ክሰሱት!»

«ዶክተሩ ምን ያውቃል ልጄ?» አሉ ሽማግሌው በዝግታ። «የማያውቅ አይከሰስም። የምታውቀው ናት የሰጠችው።»

ኦዲልያ አልተከራከረችም። «ልክ ነዎት አባቴ» አለች። ወንድሞቿ እያጉረመረሙ ፍየል አዋጡ፤ እሷም እናቷ ያወረሰቻትን ቀይ ጨሌ ከአንገቷ ፈታች። ለልጅቷ ድጎማውን ላስመልስ ብላ ነበር እኮ። አይ ኦዲልያ!

ካሳው በተከፈለ ጊዜ ወደ ያርሌኒስ መንደር ራሷ ሄደች። በእኛ ወግ ካሳ ከተከፈለ ነገሩ ሞተ፤ አብሮ ተበልቶ ይለያያል፣ ሁለተኛ አይነሣም። አጎትየው በዳሱ ጥላ ሥር ያማረውን ተንጠልጣይ አልጋ ሰቀለላት፣ ፍየል ታረደላት፣ ቺቻ የሚሉት የበቆሎ ጠላ ተቀዳላት። ማንም ክፉ ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድቧት በተሻላት።

ያርሌኒስ ከቁልቋሉ አጥር በኩል ፍየሎቹን እየነዳች መጣች። በፀሐይ ጠቁራለች። እጇን በአሸዋ አሽታ ታጠበችና ኦዲልያ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጨሌሽን አየሁት፤ አጎቴ ለእኔ አስቀምጦታል» አለች። «አላደርገውም። ያንቺ ነው እያልኩ ነው የማየው።»

«አድርጊው የኔ ልጅ። ያምርብሻል።»

ከዚያ ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ናት።

«ቢሮሽ ያለውን መንጠቆዬን ለሌላ ሰጠሽው?»

«የለም። ባዶውን ነው።»

«እንዳትሰጪው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አጎቷ እንዳይሰማ ይመስላል። «ደብተሮቼን አልጣልኳቸውም። የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ለፍየሎቹ እየደገምኩ ነው የምውለው። ድጎማው እንደገና ሲከፈት አመለክታለሁ። መቼ ነው የሚከፈተው አክስት? ትነግሪኛለሽ አይደል?»

ኦዲልያ ደንቡን ታውቀዋለች፤ በዓይኗ አንብባዋለች። ድጎማው አንዴ የተቋረጠበት ተማሪ ዳግመኛ አያመለክትም ይላል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። መናገር የሌለባትን ጽፋ የሰጠች ሴት፣ መናገር ያለባትን ይቺን አንዲት ነገር ከጉሮሮዋ ልታወጣት ታገለች። ልጅቷ በዓይኗ እየጠበቀቻት ነው። ከወዲያ በኩል አጎትየው ሥጋው ደርሷል ብሎ ይጣራል።

«እነግርሻለሁ» አለች ኦዲልያ። «እኔ አለሁ።»

ያርሌኒስ እጇን ይዛ ከተንጠልጣዩ አልጋ አስነሣቻትና ወደ ምግቡ ሄዱ።