አምባዛ የወጋው እጅ

መስዑድ ሠላሳ ዓመት ጣና ላይ ዓሣ አጥምዷል። ታንኳውን ከደንገል የሚያስረው ራሱ ነው። ሚስቱ ሀጂራ ዓሣውን አጽድታ ሹም አቦ ሰፈር መንገድ ዳር ትሸጣለች።

ባለፈው ኅዳር አምባዛ ከመረብ ሲያላቅቅ የክንፉ እሾህ መዳፉን ወጋው። ወንድሙ አብዱልሃኪም ሳቀበት።

«ሠላሳ ዓመት ስትበላው ኖረህ አንድ ቀን ቢነክስህ ምን አለበት?»

«አልነከሰኝም፤ ወጋኝ እንጂ።»

«ያው ነው። ተካካሳችሁ!»

መስዑድ እጁን በሐይቁ ውኃ አለቅልቆ ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ እጁ አበጠ፤ ትኩሳትም ያዘው። ሀጂራ ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጁን ፀሐይ አግኝቶት ምች መታው አለች። ለምች የምታውቀው መድኃኒት ዳማከሴ ነው። ከጓሮ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ጭማቂውን አጠጣችው፤ ግንባሩንም ቀባችው። ነፋስ እንዳያገኘው በሩን ዘግታ ሁለት ቀን አስተኛችው። በሦስተኛው ቀን መስዑድ እየቃዠ አብዱልሃኪምን በሟች አባታቸው ስም ሲጠራው ባጃጅ አስመጥተው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሟ ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ናት። ጀርም በቁስሉ በኩል ደሙ ውስጥ ገብቷል አለች። አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ተሰጠው፤ የደም ግፊቱን የሚያነሣ መድኃኒትም ተጨመረ። ግፊቱ ግን እንደ ወረደ ቀረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ሀጂራን ከክፍሉ ውጭ አነጋገረቻት።

«እናቴ፣ ጀርሙን መድኃኒቱ እየገደለው ነው። አሁን ይበልጥ የሚጎዳቸው የገዛ ሰውነታቸው ነው። በሽታውን ሊከላከል የተነሣው ኃይል ከልኩ አልፎ ኩላሊታቸውንና ሳንባቸውን እየመታ ነው። እሱን የሚያበርድ መርፌ ልንጀምር ነው።»

«መከላከያውን ልታደክሙበት? እሷው አይደለች የቀረችለት?»

«ማብረድ እንጂ ማጥፋት አይደለም። አንቲባዮቲኩም አይቋረጥም።»

«ይተርፋል?»

«አላውቅም። ግፊቱ እንዲህ ወርዶ ከቆየ ግን አይተርፉም።»

አጠገባቸው የቆመው አብዱልሃኪም «እሺ በያት እንጂ!» አለ።

ሀጂራ ወለሉን እያየች «ቤት ዘግቼ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አለች። «እጁን ዞር ብዬ አላየሁትም።» ከዚያ ወደ ሐኪሟ ቀና አለች። «በሉ ስጡት» አለቻት።

መርፌው በየስድስት ሰዓቱ ተሰጠው። ሀጂራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ሲሰጧት በላች። ሰዓቱ ሲደርስ ሰገደች፤ ምን ብላ እንደ ለመነች ግን አታስታውስም። ልቅሶ ይመጣብኛል ብላ ነበር፤ አልመጣም።

በሁለተኛው ቀን ግፊቱ ቀስ እያለ ወጣ። በአራተኛው ቀን መስዑድ ዐይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። በተወጋው እጁ ላይ ደም አጥተው ጠቁረው የነበሩ ሁለት ጣቶቹ ግን ተቆርጠዋል።

«ተረፈ እኮ!» አለ አብዱልሃኪም የሀጂራን ትከሻ እየነቀነቀ። «ደስ አይልሽም?»

«ይለኛል» አለች።

ነርሷን ሾርባ ይፈቀድለት እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ይፈቀዳል ተባለች። ሾርባውን ልትሠራ ወጣች። የሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ቀኑ እንደ ጠፋባት ታወቃትና ቆማ ጥበቃውን ዕለቱ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው።

«ሐሙስ ነው፣ እናቴ» አላት።