ባለክሯና የአዲስ መጻሕፍት ጠረጴዛ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «ባለክሯ» ካላችሁ ግን ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም በአገጩ ወደ መስኮቱ ጥግ ይጠቁማችኋል። እዚያ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጥቅል ላስቲክ፣ ማኅተምና አራት ድውር ክር ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያንጠለጠለች ደልደል ያለች ሴት አለች።

ሥራዋ ወረቀት ላይ ሲታይ አንድ መስመር ነው፤ አዲስ የገቡ መጻሕፍትን በላስቲክ መሸፈንና ማኅተም መምታት። በየወሩ መጀመሪያ ካርቶኑ ይመጣል። ልብ ወለዱ ከንብ ማነቡ፣ የሕይወት ታሪኩ ከወንጀል ምርመራው፣ የልጅ አስተዳደጉ ከግጥሙ ጋር ተቃቅፎ ይወጣል። ቢበዛ አሥራ አምስት መጽሐፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ቀን ሸፍኖ ይገላገለው ነበር። እሷ ሁለት ሳምንት ትፈጃለች። ለምን ብትሉ፣ ሳታነብ አትሸፍንማ! «ሰውነቱን ሳላውቅ ልብስ አልሰፋለትም» ትላለች። ድሮ የደንብ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ወሬዋ ሁሉ ከልብስ አይወጣም።

አንብባ ስትጨርስ ከአራቱ ድውር ካንዱ ስንዝር የምታህል ክር ትቆርጥና በገጾቹ መሀል አስገብታ ጫፉን ከታች ታንጠለጥለዋለች። ቀይ ከሆነ ያስለቅሳል። አረንጓዴ ከሆነ ያስቃል። ሰማያዊው እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ነጭ ደግሞ ቁም ነገር ነው፣ አንብበኸው ስትነሳ ትናንት የማታውቀውን ታውቃለህ። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ተይ ያላትም የለም። አንባቢው ለምዶታል። «ዛሬ ሆድ ብሶኛል፣ ቀይ አለሽ?» ይላታል አንዱ። «ፈተና ደርሶብኛል፣ ሰማያዊውን ከዓይኔ አርቂልኝ» ትላታለች ሌላዋ።

ሚስጥሯን ልንገራችሁ? ክሩን የምትመርጠው ብቻዋን አይደለም። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ የገለጠው ነገር የለም። እራት ላይ እሷ የቀኑን ንባብ ትተርክለታለች፣ እሱ ሾርባውን ይዞ ያዳምጣል። ማንኪያው አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ከቀረ ሰማያዊ ነው። ሾርባው ትን ካለው አረንጓዴ። «ይቺን ሴትዮ እኔ ባገኛት!» ብሎ ባለታሪኳን መሳደብ ከጀመረ ግን ቀይ ነው፤ እንባውን የሚደብቀው በቁጣ ነው። አንዴ ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሰው ታሪክ ስትነግረው ቆይቶ፣ «እኔ በተሻገርኩ ቁጥር ለካ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶልኛል» አለ። ያ ነጭ ሆነ።

አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራት። ለታመመ ሰው ከአረንጓዴ ሌላ አይሰጥም። ከአምስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቷ አራት ወር አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት ተሸክማ ሄዳላታለች፣ አሥራ ዘጠኙም አረንጓዴ። አንድ ቀን እህቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንድ የሚያስለቅስ አምጪልኝ» ብላት ነበር። «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለቻት። እህቷ ፈገግ አለች፤ እስከ መጨረሻዋም ድጋሚ አልጠየቀችም። ባለክሯ ይህን ስታወራ፣ «እየሳቀች ነው የሸኘኋት» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

አዲሱ ኃላፊ ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሰዓት አክባሪ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን እንናገር። ብቻ አዲስ መጽሐፍ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ማየት አንገበገበው።

«እርስዎ የተቀጠሩት ለመሸፈን ነው ወይስ ለማንበብ?» አላት።

«ለመሸፈን ነው ጌታዬ፣ ግን...»

«ግን የለም። የዚህ ወር ካርቶን በሁለት ቀን ካልወጣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በር ላይ ቦርሳ ይረከባሉ። ጠረጴዛውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

በር ላይ! ቦርሳ! ያን ቀን አንብባ የሸፈነችውን አንድ መጽሐፍ እራት ላይ ተርካ ጨረሰችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ያን ጠረጴዛ ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» አለችው ባሏን። «እኔስ?» አላት። «አንተማ ያለ መጽሐፍ ምን ታወራኛለህ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተሰበረ። በማግስቱ፣ ብስጭቱም ተጨምሮበት ይሁን፣ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላት።

ኃላፊው ታዲያ ምን አደረገ? እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። የቀሩትን አሥራ አራት መጻሕፍት በአንድ ቀን ተኩል ሸፈናቸው፣ አሸፋፈኑም የሚያስቀና ነበር። ሥራው ጣመውና ወደ መደርደሪያው ዞረ። እዚያ ያሉት መጻሕፍት ከሥራቸው ክር ተንጠልጥሎባቸዋል። «ኧረ ጉድ! ስፌታቸው እየተተረተረ ነው!» አለ፤ የክሩን ነገር የነገረው የለም። መቀሱን አንስቶ፣ አንድም ሳይቀረው፣ የሃያ ዓመቱን ክር ከሥር ከሥሩ እየቆረጠ አጸዳው። ገጾቹ መሀል የቀረውንም እያራገፈ ጠረገው።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት ጉዱ ፈላ። «ቀይ አለ?» አለችው አንዲት ዓይኗ ያበጠ ወጣት። ቀይ ሽፋን ያለው ፈልጎ ስለ ጉበት በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ሰጣት። ልጅቷ እጮኛዋ የተዋት ነበረች። ሌላው ሰማያዊ ጠየቀ፣ ሌላው ነጭ፣ ሁሉም «ክሩ የታለ?» ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት ነገሩ ገባው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ደንበኛ የሆነ አንድ ጡረተኛ አናጢ መጣ፣ ዛሬም እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደ ሰካ። «ባለቤቴ ሆስፒታል ነው ያለችው። እባክህ ልጄ፣ አረንጓዴ ስጠኝ» አለው። ኃላፊው አሁን ቢያንስ አረንጓዴ ምን እንደሆነ ያውቃል። አዲሶቹን ሲያገላብጥ ሽፋኑ ላይ ኮፍያ ያደረገች አህያ የተሳለችበት መጽሐፍ አገኘ። ኮፍያ ያደረገች አህያ ካላሳቀች ምን ሊያስቅ ነው? «ይኸው አባባ» ብሎ ሰጠው፣ ደስ ብሎት።

ረቡዕ ባለክሯ አፍንጫዋን እየጠረገች ገባች። መደርደሪያውን ስታይ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። «ክሮቼ!» አለች። ኃላፊው ይቅርታውን ጀምሮ ሳይጨርስ፣ «ባለ አህያዋስ? ገና ክር አላስገባሁባትም፣ የት ሄደች?» አለችው። ከካርቶኑ አንብባ የነበረው እሷን ብቻ ነው፤ ባሏም በዚያ እራት ላይ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን የአንድ ሽማግሌ ልጆች አንድ በአንድ ሲሰድብ ነበር።

«ለአናጢው ሰጠሁት። ለታመመች ባለቤቱ።»

«ወይኔ ጉዴ! ምን አደረጉ ጌታዬ?»

«ምን ይሆናል? አህያዋ ምን ትሆናለች?»

«ሽማግሌው ሲደክም ልጆቹ ሩቅ ቦታ ይሸጧታል። እሷ ገመዷን በጥሳ፣ መንገዱን ሁሉ አስታውሳ ትመለሳለች። በሩ ዝግ ነው። ሽማግሌው የለም።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲመለስም ስለ ካርቶንም ስለ ቀንም አላነሳም፤ ወደ በሩ የሚያዛውራት ደብዳቤ ግን ተፈርሞ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ።

አናጢው ዓርብ ጠዋት ከች አለ። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞታል። ኃላፊው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰች» አለ አናጢው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«ቆይ አስጨርሰኝ እንጂ! ከታመመች ሦስት ወሯ ነው። ልጆቹ ይቀልዳሉ፣ እኔም እቀልዳለሁ፣ እሷም ትስቃለች። ይሄን አንብባ ማልቀስ ስትጀምር እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያኔ እጄን ይዛ፣ ‹ፈርቻለሁ› አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ‹ሁላችሁም ልታስቁኝ ስትለፉ እያየሁ ለእናንተ ስል ስስቅ ደከመኝ› አለች። አሁን እናወራለን፤ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ አውርተን አናውቅም።» ወደ ባለክሯ ዞረ። «እህቴ፣ ይህን ላንቺ ብላለች።»

ከገጾቹ መሀል አንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከሆስፒታሉ ብርድ ልብስ የተመዘዘ፣ አመድማ፣ ከአራቱ አንዱንም የማይመስል። «ከድውሮችሽ ጋር ጨምሪው፣ እንደ እኔ ለተኛ ሰው ስጪው ብላለች።»

ባለክሯ ክሩን ሳብ አድርጋ አወጣችው። ከዚያ፣ «አሥራ ዘጠኝ» አለች።

«ምን አልሽ?» አላት አናጢው።

«ለመነችኝ እኮ። እትዬ በአፏ ለመነችኝ። ስትስቅ የነበረው ለእኔ ብላ ነው።» አንባቢው ሁሉ እያያት፣ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ፣ አምስት ዓመት የቆየውን ልቅሶ አለቀሰችው። አናጢው ትከሻዋን ይዞ ቆመ፤ አይዞሽ አላላትም።

ኃላፊው ወደ ቢሮው ገብቶ ደብዳቤውን ለአራት ቀድዶ ይዞ መጣ፣ በሌላው እጁ ደግሞ ወንበር። ጎኗ ተቀመጠ።

«ሁለት ሳምንትዎን ይውሰዱ» አላት ቀስ ብሎ።

«ሦስት ቢሆንስ?» አለች፣ በመሀረቧ ውስጥ።

«ኧረ በፈጠረዎት!»

ሳቀች። የባለ አህያዋን መጽሐፍ ገፋ አደረገችለትና፣ «የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ክሩንም እርስዎ ያስገቡት» አለችው። አስገባው፤ አንዱ ጫፍ ረዘመበት፣ እንደዚያው ተወችው።

ያን ዕለት እራት ላይ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለባሏ ተረከችለት። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቀረ። ማንንም አልተሳደበም።

«እና ይሄ አዲሱ ክር» አለ በመጨረሻ፣ «የምን ይባላል?»

«የእትዬ» አለችው።

ባሏ ሾርባውን ትቶ ተነሳና ወንበሩን አጠገቧ አምጥቶ ተቀመጠ።