ጾም የያዘችው ቁልፍ

እግሬ ዝሎ ማረፊያ ስፈልግ ነው ሙዚየሙ የገባሁት። በልጅነቴ የማውቀው ያ ፒያኖ በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ሳየው የእርጥብ አንጀት ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

አባቴ ከጊዮርጊስ ጀርባ በገና ይሠራ ነበር። አንዲት የአራዳ ወይዘሮ የፒያኖዋ አውታር ቢበጠስባት አስጠራችው። ሽቦ ከጅቡቲ እስኪመጣ ብትጠብቅ የልጇ ሠርግ ያልፋል። አባቴ ለበገና እንደለመደው የበግ አንጀት አጠበ፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ክንዴ እስኪዝል ገመድነው። ደርቆ ሲወጠር ከግራ ሦስተኛዋ ቁልፍ እንደ እህቶቿ አልጮኸችም፤ እንደ በገና አጉረመረመች።

«በሠርግ ሰሞን ይህችስ ጾም ይዛለች» ብላ ወይዘሮዋ ሳቀች።

«ሌሎቹ ይብሉ፣ እመቤቴ። አንዷ ብትጾም ምን አለበት» አላት አባቴ።

ስንመለስ፣ ስምህን ለምን አላስጻፍክበትም አልኩት።

«ማን ሊያነበው? አንተ አታነብ፣ እኔ አላነብ። ድምፁን የሰማ ያውቀኛል።»

አሁን ገመዱን ተሻግሬ ሦስተኛዋን ተጫንኳት። ጥርት ብላ ጮኸች።

«አባባ፣ አይነካም» አለኝ የሙዚየሙ ሠራተኛ፣ ልጅ ነው።

«አንጀቱን የት አደረጋችሁት?»

«እሱማ ተጣለ። አሁን ትክክለኛው ሽቦ ገብቶለታል።»

አጠገቡ የቆመው ሰሌዳ ፒያኖው የተሠራበትን የውጭ አገር ከተማ ይናገራል። ከሥሩ «እንደ ጥንቱ ሆኖ ታድሷል» ይላል። ጣቴን እያስከተልኩ ደግሜ አነበብኩት። በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለካ ይህን ለማንበብ ኖሯል።