ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ቲኬት ሻጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ሃምሳ አምስት» ይሉታል። እናቱ ወደምትኖርበት ከተማ በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል ብሎ የጠየቀውን ሁሉ፣ ከመስኮቱ ጀርባ አገጩን ቀና አድርጎ «ሃምሳ አምስት ደቂቃ!» ስለሚለው ነው። ከጀርባው በተሰቀለው ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ አገናኝቶ፣ «አራት መቶ አስር ኪሎ ሜትር፣ በቀጥታ መስመር» ብሎ ጽፏል። አንዲት ሴት «ታዲያ ከቤቴ በስንት ሰዓት ልውጣ?» ብትለው፣ «እሱ የራስሽ ጣጣ ነው፤ እኔ የምነግርሽ የበረራውን ነው» ብሎ አሳፍሯታል።

እናቱን ካየ ስድስት ዓመት አልፎታል። ርቃው አይደለም። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ላይ ያለች እናት የትም አትሄድም ብሎ ነው። ለሠራተኛ የሚሰጠው ነጻ ቲኬት በየዓመቱ ጊዜው ያልፍበታል።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ እህቱ ከእናታቸው ቤት ደወለች።

«እማዬ ደክማለች። ሐኪሙ ዛሬን መዋሏን እንጃ ብሏል። ስምህን እየጠራች ነው። አክስቴ ከእናንተ ከተማ በአስራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ትነሳለች፤ አብረሃት ና።»

«አውቶቡስ? ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ከሚያስመልሰው ሕፃን ጎን ልቀመጥ?»

ብዙም ሳይቆይ አክስቱ ከመናኸሪያ ደወሉ። «ወንበር ይዤልሃለሁ፣ ና ልጄ።»

«እርስዎ መንገድ ላይ ሲያንቀላፉ እኔ ከእማዬ ጋር ምሳ እበላለሁ፣ አክስቴ።»

«እስቲ ይሁንልህ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ» ብለው ዘጉበት።

በረራው አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ጢሙን ተላጨ፤ ጫማውን አስጠረገ፤ ለሁለት ቀን ጉዞ ሁለት ሙሉ ልብስ በትልቅ ሻንጣ አጨቀ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ፣ ከወዲያ በኩል ነፋስ ስላለ በረራው ዘግይቷል ተባለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግሶ መስተንግዶ ላይ ወዳለችው ልጅ ሄደ።

«መቼ ነው የምንደርሰው?»

«በረራው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

«እሱንማ ለሰው የምናገረው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ያውቁታል።»

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሡ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲያርፉ ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ። እናቱ ሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ እሱ ደቂቃው ስለሞላለት ፈገግ አለ! ከዚያ ሻንጣውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ማረፊያው ከከተማው ውጭ ነው፤ ታክሲው ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተተ አንድ ሰዓት ወሰደበት። እናቱ በር ላይ ሲቆም አስር ሰዓት ተኩል ነበር።

አክስቱ አቧራቸውን ሳያራግፉ አልጋው ጎን ተቀምጠዋል። የእናቱ ፊት ተሸፍኗል።

«አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አረፈች» አለች እህቱ። «አክስቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብታ እስከ መጨረሻው እጇን ይዛት ነበር። እማዬ ‹ልጄስ?› ባለች ቁጥር፣ ‹በአውሮፕላን ነው፣ ደርሷል› ትላት ነበር። ሰው የማትዋሽ ሴት አስዋሸሃት።»

እሱ ወደ አልጋው አየ፤ ወደ ሰዓቱ አየ።

«በረራው እኮ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው» አለ።

አክስቱ ፊታቸውን አዞሩ። እህቱ ግን ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ይኼን ከበሩ አንሳው። ለቀስተኛ ሊገባበት ነው።»