ጀርባው ላይ ቁጥር የነበረው ጊታር

ነጭ ጋዝ በሸተተኝ ቁጥር ደሴ ያለው የቤታችን በረንዳ፣ አሮጌው የጥርስ ብሩሽና በዝገት የቀላው የአባቴ ጣት ይመጡብኛል፤ ከዚያ እናደዳለሁ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ንዴቱ አልበርድልኝ አለ።

አባቴ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጊታር ይጫወት ነበር፤ ጊታሩን ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ራሱ ቢሆንም፣ የቡድኑ ዕቃ ሲመዘገብ ከወንበሩና ከከበሮው ጋር ተቆጥሮ ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ፈረሰ፣ ጊታሩም ጣራው በሚያፈስ መጋዘን ተቆልፎበት ቀረ። አባቴ ሁለት ዓመት ደጅ ከጠና በኋላ፣ የቀበሌው ንብረት ክፍል ሰውዬ «ይውሰዱት ጋሽ ሰይድ፣ ለማገዶ ይሆንዎታል» ብሎ ሰጠው።

ክረምት ነበር። አባቴ ሥራ ውሎ ሳይመለስ እኔና እናቴ ልናስደስተው ብለን፣ ስድስቱን የክር መቃኛዎች ልክ እንደ ማንቆርቆሪያችን በሎሚና በአመድ ፈተግናቸው፤ አብለጨለጩልን። የደሴ ጉም ሁለት ቀን ሲያድርባቸው ግን ከበፊቱ ብሰው ቀሉ፤ ለካ የተለበጡበትን ኒኬል ልጠነዋል። አባቴ ሳቀብን፤ ከዚያ መቃኛዎቹን ከነብሎናቸው አንድ በአንድ ፈትቶ በቲማቲም ጣሳ ነጭ ጋዝ ውስጥ እየዘፈዘፈ፣ እኔ የመዞሪያ ጥርሳቸውን በብሩሽ እየፈገፈግሁ፣ እናቴ በጨርቅ እያደረቀች፣ በመጨረሻም የስፌት መኪና ዘይት ጠብ እያደረግንባቸው ክረምቱን ጨረስነው። እጄ ሲዝል «አብሽሪ፣ ይለቃል» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ቁጥሩንም በካቻቢቴ ልፍቀው ስል ተቆጣኝ።

«ተይው! ሰርቀን አመጣነው እንዴ?»

በመስከረም ጊታሩ ተቃኘ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳችንን ሞላው፤ አባቴም ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጊታሩን ያነሳ ነበር።

ኅዳር ላይ ያው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መጣ። ለቀበሌው በዓል ጊታር ፈልገው ኖሮ፣ ገልብጦ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ።

«የሕዝብ ንብረት ነው፤ ነገ ጠዋት ያስረክቡ።»

«ለማገዶ ነው ብለህ ሰጥተኸኝ?»

«ያኔ አይሠራም ነበራ!»

እናቴ «አላህ ይይልህ» አለችው። አባቴ «እሺ» ብሎ ጊታሩን ለማስረከብ ይወለውል ጀመር፤ እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ እሺታው ነበር። በማግስቱ ማለዳ እሱ ፊቱን ሲታጠብ፣ ካቻቢቴውን አንስቼ አንዷን መቃኛ ፈታሁና ደብተሬ መካከል ደበቅኋት። ሊያስረክብ ሲያነሳው መቃኛዎቹ አምስት ብቻ መሆናቸውን አየ፣ እኔንም አየኝ፤ ከዚያ የጊታሩን አንገት በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። በበዓሉ ቀን ጊታሩ መቃኛ ጎድሎት አልተመታም፤ ወደዚያው ወደሚያፈሰው መጋዘን ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ።

መቃኛዋ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። በየክረምቱ ዘይት ጠብ አደርግባታለሁ፣ ያለ እንከን ትዞራለች፤ የምትወጥረው ክር ብቻ ነው የሌላት።

አሁን ደሴ ፒያሳ አዳዲስ ጊታር በየሱቁ ተሰቅሏል፤ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ባለፈው ዓመት ለአባቴ አንድ ገዛሁለት። ሽማግሌው ተቀብሎ መረቀኝ፤ ክሩን ግን አልነካም፣ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን በመዳፉ ዳበሰው።

«ምንም አልጻፉበትም?» ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ።